የቅዳሜ የስታቲስቲክስ ቱቶርያል፦ 4 ሳምንት ተምሬ ያገኘሁት

ይሄን የምጽፈው በተለይ ማታ ለምንማር ልጆች ነው፣ ኢንትሮዳክሽን ቱ ስታቲስቲክስ ይዛችሁ ሚድ ያስደነገጣችሁ ካላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ነው። የቱቶርያሉን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም፣ ደሞ የማወራው ስላስተማሩን ነገርና ስለ አስተማማራቸው ስለሆነ ሌላ ቦታም ብትመዘገቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደገባሁ ልንገራችሁ። እኔ ቀን አካውንቲንግ ክፍል እሰራለሁ ማታ እማራለሁ። ሚድ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፣ የአንድ ክፍል ውጤት አማካዩ 58 ሚዲያኑ (ሁሉም በውጤት ሲሰለፍ መሃል ላይ ያለው) 66 ነው የዲስትሪቢውሽኑ ማለትም የውጤቶቹ አበታተን ቅርጽ ምን ይመስላል የሚል። እኔ ፎርሙላውን በሙሉ ሸምድጃለሁ፣ ቫሪያንስ በሉኝ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሉኝ (ሁለቱም ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለኩ ናቸው) ካልኩሌተሩ ላይ ጣቴ ይሮጣል፣ ግን ቅርጽ ሲባል ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣ ምንም ስዕል አልነበረም። ፖዘቲቭሊ ስኪውድ ብዬ ጻፍኩ፣ ስህተት። ከ30 11 አመጣሁ። ክፍል ውስጥ ይሄ ቅርጽ የሚባለው ነገር በአንድ ስላይድ ነው ያለፈው፣ ሶስት ኩርባ ተስሎ ስማቸው ተጽፎ በቃ ቀጣይ ምዕራፍ። ሃንድአውቱም ላይ እንደዛው ነው፣ ኮፒው ደብዝዞ ኩርባዎቹ ራሳቸው አይታዩም።

የስራ ባልደረባዬ ናት ቱቶርያሉን የነገረችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ለ3 ሰዓት፣ 4 ሳምንት፣ ጠቅላላ 1,600 ብር። ከኮፒ ቤት በላይ ያለ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እኛ ስንገባ 25 ነበርን።

የመጀመሪያው ቀን ቲቸር ገብቶ ምንም ፎርሙላ አልጻፈም። ዛሬ እዚ ለመምጣት ታክሲ ወይ ባስ ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ አለና አንድ በአንድ ጠየቀን፣ የኔ 18 ነበር፣ አንዱ ከሃያት የመጣ ልጅ 70 ደቂቃ አለ፣ ሰፈሯ ቅርብ የሆነች ልጅ 2 አለች። ከዛ ሰሌዳው ላይ እንዲ አድርጎ ደረደረው፣ ከመስመሩ በስተግራ ያለው አስሩ ቤት ነው በስተቀኝ ያለው አንዱ ቤት፦

0 | 2 3 3 4 5 5 6 7 8 8 9
1 | 0 0 2 4 5 5 8
2 | 0 5 5
3 | 0 5
4 |
5 | 5
6 |
7 | 0

ስቴም ኤንድ ሊፍ የሚባለው ይሄ ነው፣ ሃንድአውታችን ላይ አለ ግን እኔ የፈተና መሙያ ነገር ነበር የሚመስለኝ። እሱ ምን አለ መሰላችሁ፣ ደብተራችሁን ወደ ጎን አዙሩት። አዞርነው። ቁጥሮቹ ራሳቸው ቆመው ስዕል ሆኑ፣ ግራ በኩል ትልቅ ጉብታ፣ ከዛ እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ቀኝ ረጅም ጅራት፣ መሃል ላይ ክፍት ቦታ፣ ጫፍ ላይ ብቻቸውን የቀሩ ሁለት ሰዎች። የሁላችንም የዛን ቀን ጥበቃ ነው እዛ ላይ ያለው፣ የኔን 8 ቁጥር እያየኋት ነበር።

ከዛ ነው እንግዲ አስሉት ያለን። ሁሉም ሲደመር 414 ደቂቃ፣ ለ25 ሲካፈል አማካዩ 16.56። ሚዲያኑ ማለትም ተሰልፈን 13ኛው ሰው 10 ደቂቃ። ከናንተ ውስጥ ከአማካዩ በላይ የጠበቃችሁ እጅ አውጡ ሲል 8 ሰው ብቻ አወጣን፣ 17ቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ከአማካይ በታች ግማሽ ሰው ነው ያለው ብዬ ነበር የማምነው፣ ማንም ነግሮኝ ሳይሆን እንዲሁ። ግማሽ ለግማሽ የሚከፍለው ሚዲያን ነው እንጂ አማካይ አይደለም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ቅርጹ ግራና ቀኙ ሲመሳሰል ነው፣ እሱ የመሶብ ክዳን ይለዋል፣ ከመሃል ብትሰነጥቀው ሁለቱ ወገን የሚገጥም ማለት ነው።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ልምጣ፣ እኔም ሚድ ላይ የወደቅኩበት። ወደ ቀኝ ስኪውድ ነው ሲባል አብዛኛው ሰው ጉብታው ቀኝ ነው ብሎ ያስባል፣ አይን መጀመሪያ የሚያየው ትልቁን ነገር ነዋ። ስሙ የሚወጣው ግን በጅራቱ ነው። ጅራቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ ስኪውድ ወይም ፖዘቲቭሊ ስኪውድ፣ ወደ ግራ ከሄደ ኔጋቲቭሊ። «ጉብታውን ተዉት፣ ጅራቱ ወዴት ሄደ?» ይላል ቲቸር፣ በየክፍለ ጊዜው ሳይል አይወጣም። አማካይ ደሞ ጅራት ይጎትተዋል፣ 70 ደቂቃ የጠበቀው ልጅ ብቻውን አማካዩን ወደ ቀኝ ይጎትተዋል ሚዲያኑን ግን አይነቀንቀውም፣ ምክንያቱም ሚዲያን የሚቆጥረው ስንተኛ እንደሆነ ብቻ ነው፣ 70ውን 700 ብታደርጉት ሚዲያኑ እዛው 10 ላይ ነው። ስለዚ የኔ የሚድ ጥያቄ አማካይ 58 ሚዲያን 66፣ አማካዩ ወደ ታች ነው የተጎተተው፣ ጅራቱ ወደ ግራ ነው፣ ኔጋቲቭሊ ስኪውድ። አብዛኛው ልጅ ደህና ሰርቷል ጥቂቶች ግን በጣም ዝቅተኛ አምጥተዋል ማለት ነው። ይሄንን ሳስበው አሁን ያንን ክፍል በአይኔ ማየት እችላለሁ።

አንድ በጣም የወደድኩለት ነገር ይሄን ህግ ሰጥቶ ዝም አላለም። ሁሌ አይሰራም አለ፣ ቁጥሮቹ ጥቂት ሆነው ሲደጋገሙ ወይም ጉብታው ሁለት ሲሆን አማካይና ሚዲያን ተገልብጠው ሊገኙ ይችላሉ፣ ፈተና ላይ ሁለቱ ቁጥር ብቻ ከተሰጣችሁ ተጠቀሙበት ዳታው ራሱ ካላችሁ ግን ስዕሉን ሳትስሉ አትመልሱ አለን።

ሁለተኛው ሳምንት ደሞዝ ነበር። እኔ ይሄኛውን ቢሮ ሁሉ ሄጄ ነው ያወራሁት። 10 ሰራተኛ ያለበት ቤት እንበል አለና ጻፈ፣ 5,000፣ 5,500፣ 6,000፣ 6,000፣ 6,500፣ 7,000፣ 7,500፣ 8,000፣ 9,500 እና ስራ አስኪያጁ 60,000። አማካዩ 12,100 ብር ይመጣል። ከዘጠኙ አንዱም እንኳን 10,000 የሚደርስ የለም! ሚዲያኑ 6,750 ነው። ስራ ስንፈልግ አማካይ ደሞዛችን ይሄ ነው ብለው ሲነግሩን የትኛውን ስዕል እያየን እንደምንሄድ አስቡት እስቲ። ከዛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን አሰራን ወደ 16,880 ገደማ መጣ። አሁን ክፍል የሸመደዳችሁትን ተጠቀሙ አለ፣ 68 ፐርሰንቱ ከአማካዩ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ ታችና ወደ ላይ ይገኛል የሚለውን። ከ12,100 ላይ 16,880 ስንቀንስ ከዜሮ በታች 4,780 ብር ሆነ። ለመስራት እየከፈለ የሚሰራ ሰው ማለት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። 68 (በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደሞ 95) ፐርሰንት የሚለው ህግ ለደወል ቅርጽ የተሰራ ነው፣ ቅርጹን ሳታይ ከተጠቀምሽበት እንዲ ያለ ነገር ያወጣልሻል፣ ያለኝን ሃንድአውቴ ጠርዝ ላይ ነው የጻፍኩት። እኔ አካውንታንት ነኝ፣ በየወሩ አማካይ የሚል ቁጥር ሪፖርት ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከስሩ ያለው ቅርጽ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

ግን አማካይን ጠላት አላደረገብንም። የታክሲውን 414 ደቂቃ መልሳችሁ ማግኘት የምትችሉት ከአማካይ ነው፣ 16.56 ሲባዛ በ25። ከሚዲያን ጠቅላላ ድምር አይወጣም። በጀት የሚይዝ ሰው ጠቅላላውን ነው የሚፈልገው ስለዚ አማካይ ያስፈልገዋል፣ እንደኔ ያለ ተራ ሰው ምን ያጋጥመዋል የሚለውን የሚጠይቅ ግን ሚዲያኑን ይይ።

ሌላው የሱ ልዩ ነገር «ለምን እንደዚ ሆነ?» ሳይል ቅርጽ አያልፍም። ስሙን ብቻ ብትነግሩት ግማሽ ማርክ ነው የሚሰጠው። የታክሲ ጥበቃ ለምን ወደ ቀኝ ጅራት አወጣ፣ ከዜሮ በታች መጠበቅ ስለማይቻል ግራው ግድግዳ ነው፣ ቀኙ ክፍት ነው። ቀላል ፈተና ለምን ወደ ግራ ጅራት ያወጣል፣ ከ20 በላይ ማምጣት አይቻልም፣ አብዛኛው ልጅ 17፣ 18፣ 19 ላይ ይከማቻል ያልተዘጋጁት ወደ ታች ይበተናሉ። ቁመት ለምን ወደ ደወል ይጠጋል፣ ብዙ ብዙ ትንንሽ ምክንያት ተደምሮ ስለሚሰራው፣ የእናት የአባት የምግብ ምናምን፣ አንዱ ብቻውን ሌላውን አይጫነውም። እኔ ከዚ በኋላ ስሞቹን መሸምደድ አላስፈለገኝም፣ ግድግዳው የት ነው ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ።

ለጥ ያለውን ዩኒፎርም የሚባለውን በስልክ ቁጥር ነው ያሳየን። እያንዳንዳችን የራሳችንንና ከስልካችን ውስጥ የሶስት ሰው የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ጻፍን፣ 100 አሃዝ። ከ0 እስከ 9 አስር አስር ይመጣል ብለን ጠበቅን፣ አንዱ 6 ጊዜ አንዱ 14 ጊዜ መጣ። አንድ ልጅ እንግዲያ ዩኒፎርም አይደለም አለ። ቲቸር 100 ብቻ ስለሆነ ነው፣ ዳታ ሁሌ ይንቀጠቀጣል፣ ጥያቄው ከስሩ ያለው ነገር ለጥ ያለ ነው ወይ ነው አለን። ከዛ ወደ ታክሲው መልሶ ወሰደን፣ እዛ ላይ ከ18 በኋላ ያሉትን እዩ ሲለን 20፣ 25፣ 25፣ 30፣ 35፣ 55፣ 70፣ ሁሉም በ0 ወይ በ5 ያበቃሉ። ሰው ረጅም ጥበቃን ሲናገር ያጠጋጋል። ይሄ የታክሲ ባህርይ ሳይሆን የሰው አፍ ባህርይ ነው አለ። ይቺን የትም አላገኘኋትም።

ባለ ሁለት ጉብታውን ቅርጽ ያሳዩን ደሞ የክፍሉ ትልቅ ሰው፣ ሻይ ቡና የሚሸጡ እናት ናቸው፣ እቴቴ ነው የምንላቸው፣ እሳቸውም ማታ ዲግሪ ይማራሉ። አንድ ቀን ሙሉ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ጽፈው አመጡ። ጠዋት ከ1 ተኩል እስከ 3 አንድ ጉብታ፣ ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት አካባቢ ሌላ ጉብታ፣ መሃሉ ጭር ያለ። ቲቸር «አማካዩ ስንት ሰዓት ወጣልዎት?» ሲላቸው «5 ሰዓት ገደማ፣ እሱ ሰዓት እኮ እኔ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ነው የምከትፈው» አሉ። አማካዩ ማንም ደንበኛ የሌለበት ሰዓት ላይ አረፈ ማለት ነው። ከዛ በላፕቶፑ አር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ አብሮ የሚመጣ ዳታ አሳየን፣ አሜሪካ የሎውስቶን የሚባል ፓርክ ውስጥ ኦልድ ፌይዝፉል የሚሉት ፍል ውሃ ወደ ላይ የሚፈነዳ አለ፣ 272 ጊዜ የተመዘገበ። በሁለት ፍንዳታ መሃል ያለው ጊዜ አማካዩ 71 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስዕሉ ግን አንዱ ጉብታ 55 አካባቢ ሌላው 80 አካባቢ። አጭር ከፈነዳ ቶሎ ይመለሳል ረጅም ከፈነዳ ይቆያል፣ ሁለት ዓይነት ነገር ተደባልቆ ነው። ሁለት ጉብታ ስታዩ ሁለት ቡድን ፈልጉ የሚለው ይሄ ነው።

እዚ ላይ እኔ ጠየቅኩ፣ የወንድና የሴት ቁመት ቢደባለቅ ሁለት ጉብታ ያወጣል አይደል ብዬ። ብዙ ሰው እንደዛ ያስባል ግን ብዙውን ጊዜ አያወጣም አለኝ። ሁለት እኩል የሆኑ ደወሎች ተደባልቀው ሁለት ጉብታ የሚታየው የአማካዮቻቸው ልዩነት ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲበልጥ ነው፣ ካልበለጠ ተዋህደው አንድ ሰፋ ያለ ጉብታ ነው የሚሆኑት። ወዲያው ሁለት ደወል ስሎ እያቀራረበ አሳየኝ። ለአንድ ተማሪ ጥያቄ 10 ደቂቃ ሲሰጥ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ 80 ልጅ ባለበት ክፍል ይሄ አይገኝም።

ሂስቶግራም ላይም ብዙ ቆየን፣ ቁጥሮቹን በክላስ ማለትም በእኩል ክልል ከፋፍሎ በሳጥን ቁመት የሚያሳየው ስዕል ነው። ስንት ክላስ ይሁን የሚለውን የሚሰጠውን ስተርጅስ ሩል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ኤን የቁጥሮቹ ብዛት ሆኖ 1 ሲደመር 3.322 ሲባዛ ሎግ ኤን፣ ለ60 ቁጥር 7 ክላስ አካባቢ ይሰጣል። ግን አንድ ዓይነት 60 ውጤት ሰጥቶን አንዱን ቡድን በ3 ክላስ አንዱን በ7 አንዱን በ30 አሳለን። በ3 የሳሉት ድፍን ያለ ሳጥን፣ በ30 የሳሉት የመጋዝ ጥርስ፣ በ7 የሳልነው ሁለት ጉብታ ታየን። ዳታው አንድ ነው እኮ! ስለዚ ፎርሙላው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፣ ኤክሴልም ራሱ የሚመርጥላችሁን ክላስ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ሰፋም ጠበብም አድርጋችሁ ሞክሩ።

አሁን ያልወደድኩትን። ቦክስ ፕሎት (ዳታውን በአራት ከፍሎ መሃለኛውን ግማሽ በሳጥን ቀሪውን በክር የሚያሳየው ስዕል) በመጨረሻው ሳምንት በ20 ደቂቃ ነው የታለፈው፣ እሱ ደሞ ፋይናል ላይ የማይቀር ነው። እኔ ቤቴ ሄጄ በታክሲው ዳታ ሰራሁት፣ ኪው አንድ (ሩቡ ሰው ከሱ በታች የሆነበት) 5.5፣ ኪው ሶስት (ሩቡ ሰው ከሱ በላይ የሆነበት) 22.5፣ ልዩነቱ 17፣ በ1.5 ሲባዛ 25.5፣ እሱ ኪው ሶስት ላይ ሲደመር 48፣ ስለዚ ከ48 በላይ ያለ አውትላየር ማለትም ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር ነው፣ 55ና 70 ወጡ። ሲሳል ወደ ቀኝ ያለው ክር ይረዝማል። ግን ቦክስ ፕሎት ሁለት ጉብታን ይደብቃል፣ የእቴቴን ዳታ ብትስሉት አንድ ሰፊ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው፣ ይሄንን ክፍል ውስጥ ቢያሳዩን ጥሩ ነበር። አውትላየር ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለውም ተቻኩሎ ነው ያለፈው፣ በደፈናው አትሰርዙ የጽሁፍ ስህተት መሆኑን መጀመሪያ አጣሩ ብሎ አለፈው። 70 ደቂቃ የጠበቀው ልጅ እውነቱን ነው፣ እሱን ሰርዞ የከተማ ትራንስፖርት ማጥናት አይቻልም። ይሄ ሰፊ ውይይት ይፈልጋል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰሌዳውን በደንብ አያይም፣ ሶስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ባትሪ ዘጋ፣ የምንሰራው በእጅ ስለሆነ ግን ብዙ አልተጎዳንም። የጥያቄ ወረቀቱን ለብቻው 50 ብር ማስከፈላቸውንም አልወደድኩትም፣ ከመጀመሪያው ዋጋው ላይ ቢነገር ይሻላል።

ቢሮ ላይ የሆነውን ልጨምርና ላቁም። ደንበኞቻችን ስንት ቀን ቆይተው እንደሚከፍሉ በየሩብ ዓመቱ አማካዩን ብቻ ነበር የማስገባው። ባለፈው ግን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ኤክስ እያደረግኩ ሳልኩት፣ አብዛኛው በወሩ ውስጥ ይከፍላል፣ አራት ደንበኞች ብቻ ጅራቱ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አለቃዬ ስዕሉን አይታ ለሁሉም ደንበኛ ሊጻፍ የነበረውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለአራቱ ብቻ እንዲጻፍ አደረገች።

ከ5 4 ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዷ የቀረችው በቦክስ ፕሎቱ ነው። ገና ኮርሱን የጀመራችሁ፣ በተለይ ካልኩሌተር ላይ ጎበዝ ሆናችሁ ጥያቄው በቃል ሲመጣ የምትደናገጡ በጣም ትጠቀማላችሁ። ሃይፖተሲስ ቴስቲንግ (አንድን ግምት በናሙና ዳታ መፈተሽ) ለምትፈልጉ ግን እዛ አይደርስም። ስትሄዱ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አይሆንም ብዙ ትሰርዛላችሁ፣ ደሞ 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች 8 ብቻ ናቸው።